ሰው የማግኘት መብት

ይርገዱ ይህን ሕልም ያየችው ሌሊት አይደለም። ሌሊቱንማ ውሃ መጣ አልመጣ እያለች ጆሮዋን ቀስራ ስታዳምጥ ነው ያነጋችው። ሕልሙን ያየችው ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ በእድሩ አዳራሽ፣ በስብሰባ መሀል ነው፤ ያውም «ውሃ የማግኘት ሰብዓዊ መብትን በተግባር እናውል» የሚል ጨርቅ ከፊት ለፊቷ ተሰቅሎ። እኔ ከራሷ አፍ የሰማሁትን ነው የማወራው። ጨማምረሃል የሚል ካለ ይጠርጥረኝ፤ እሷም ብትሆን የምትመክረው ይህንኑ ነው።

ከሕልሙ በፊት ሴትዮዋን እንወቃት። ይርገዱ በቁልቁለቱ ሰፈር ጸጉር ቤት አላት። ጸጉር ቤት ሲባል አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወትና አንድ ማጠቢያ ገንዳ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ቧንቧ ቤቱ ድረስ የገባለት ሰው የለም። ሁሉም የሚቀዳው መታጠፊያው ላይ ካለችው ቦኖ ነው፤ እሷም የምትፈስሰው በፈረቃ ነው። ደግነቱ ቦኖዋ ለይርገዱ ደጃፍ ቅርብ ናት። አምና ክረምት ቦኖዋ ተበላሽታ ሰው ሁሉ ከላይ ከአስፋልቱ ሲቀዳ ይርገዱም ሙሉ ጀሪካን ተሸክማ ስትወርድ ጭቃው አንሸራትቶ ጣላት። ከዚያ ወዲህ ወገቧ ያንን መንገድ እሺ አይልም። ውሃ ከሌለ ደግሞ ጸጉር የለም፣ ጸጉር ከሌለ ይርገዱ የምትበላው የለም።

አሁን ይህችው ቦኖ ተነቅላ ወደ ላይ፣ ወደ አስፋልቱ ዳር ትዛወር የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡን ያመጡት የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ገረመው ናቸው። ምክንያታቸው ብዙ ነው፤ ለጥገና ያመቻል፣ ለቁጥጥር ያመቻል፣ በአጠቃላይ ለሕዝብ ያመቻል። የእህታቸው ልጅ በቅርቡ እዚያው አስፋልቱ ዳር ላቫጆ ከፍቶ መኪና ማጠብ መጀመሩ ግን ከምክንያቶቹ ውስጥ አልተጠቀሰም። ነገሩ እጅ በማውጣት ይወሰን ተባለና የታችም የላይም ሰፈር ሰው ለስብሰባ ተጠራ። ይርገዱ እጇን አውጥታ ልትቃወም ተዘጋጀች።

ይርገዱ ጠርጣራ ናት። «ጠርጥር፣ በገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር» የሚለውን ሌላው ሰው ለተረት ይለዋል፤ እሷ ግን ገንፎ ሲቀርብላት በማንኪያ ገላልጣ ትፈልጋለች። ሰው ሲመርቃት እንኳ አሜን ከማለቷ በፊት ምን ፈልጎ ይሆን ትላለች። በአቶ ገረመው ነገር ጥርጣሬዋ ልክ ነበር። ችግሩ ጥርጣሬ አንዴ ልክ ሆኖ ከተገኘ ሁልጊዜ ልክ የሆነ ይመስለዋል።

የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ነገር ሆነ። በቁልቁለቱ ሰፈር ወረፋ የሚይዘው ሰው አይደለም፤ ጀሪካን ነው። ሁሉም በየጀሪካኑ እጀታ ላይ የየራሱን ጨርቅ ያስራል፣ ጀሪካኑ ተሰልፎ ይቆማል፣ ባለቤቱ ጉዳዩን ይጨርሳል። የሰው ጀሪካን ከቦታው ማንሳት ነውር ነው፤ በሰፈሩ ጎረቤት ከጎረቤት ተኮራርፎ የቀረው ባብዛኛው በዚህ ነው። ይርገዱ ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበትን ቢጫ ጀሪካኗን ገና ሳይነጋ አሰልፋ፣ ለሠርግ የምትቸኩል ደንበኛ መጥታባት ወደ ጸጉር ቤቷ ገባች። ስትመለስ ጀሪካኗ የለም። ቧንቧው ሥር፣ የእሷ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት የትርንጎ ጀሪካን ቆሞ ውሃ ይጠጣል።

ትርንጎ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት። ስንት ዘመን ጨው ተበዳድረዋል፣ ስንት ሐዘን አብረው ተቀምጠዋል። «ይርገዱ፣ ነይማ አንዴ፣» አለቻት ትርንጎ ከሩቅ ስታያት። ይርገዱ ፊቷን አዙራ ሄደች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አለች በሆዷ፣ በቀጥታም ወደ አዳራሹ ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ለተሰብሳቢው ሁሉ የታሸገ ውሃ ታደለ። ውሃ የጠፋበት ሰፈር ተሰብስቦ ስለ ውሃ ሲወያይ ውሃ ታደለው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ክዳኑን እያሽከረከረ ጠጣ። ይርገዱ ግን ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችው። ይህ ውሃ ለምንድን ነው የተሰጠኝ? ከጠጣሁት በምን ተስማማች ልባል ነው? ሳትከፍተው ቀረች። ትርንጎ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ፊትሽ ገርጥቷል፣» አለቻት ትርንጎ። «አልተኛሽም መሰለኝ። ትንሽ አሸልቢ፤ ድምፅ ሲሰጥ እኔ እቀሰቅስሻለሁ።»

«አልተኛም።»

አሃ፣ አለች ይርገዱ በልቧ። ተኝታ ድምፅ መስጫው እንዲያልፋት ነው። ጀሪካን ያነሳ እጅ ድምፅም ያነሳል፤ ይህች ሴት ከአቶ ገረመው ጋር ተስማምታለች። ስለዚህ ዓይኗን በልጥጣ ከውሃ መሥሪያ ቤት የመጣውን ባለሙያ ማዳመጥ ጀመረች። ባለሙያው ስለ ተደራሽነት አስረዳ። ስለ ተደራሽነት ምሰሶዎች አስረዳ። ወደ ምሰሶዎቹ ንዑስ ምሰሶዎች ሲሻገር የይርገዱ አገጭ ደረቷ ላይ አረፈ።

ጭኗ ላይ ያለው ጠርሙስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነትሽን ነው የተኛሽው ወይስ እያስመሰልሽ ነው?» አላት።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው ይርገዱ።

«ሰው ጠማኝ።»

ቀና ብትል አዳራሹ የለም። ቦኖዋ አጠገብ ቆማለች። ከፊቷ ሰው ቆሟል፣ ከኋላዋም ሰው ቆሟል፤ ሁሉም ዝም ብሏል። በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ላይ ጨርቅ ታስሯል። የራሷን ጆሮ ብትዳስስ ሰማያዊው ጨርቅ እዚያ ነው። ልትራመድ ሞከረች፣ እግሯ አልነቃነቅ አለ። ወረፋ የያዘ ዕቃ መቼ ይራመዳል?

ጀሪካኖቹ ግንቡ ሥር ጥላ ይዘው ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«ሰው ከጠፋ ሰነበተ፣» አለ አንዱ።

«ሐሙስ መጥቶ ነበር አሉ። ግን ድፍርስ ነው።»

«እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ጉልበትም የለው። ሁለት ሦስቱ ጠብ ጠብ ይልና ያበቃል።»

«ላይኛው ሰፈር እኮ ሌት ተቀን ሰው በሰው ናቸው። አትክልታቸውን ሁሉ በሰው ነው የሚያጠጡት።»

«ተው እንጂ፣ ይሰሙናል።»

ቢጫው ጀሪካኗ ከመካከላቸው ተነሥቶ እየተንገዳገደ መጣ። በእጀታው አናቷን ኳ ኳ አድርጎ መታና አዳመጠ።

«ባዶ ናት፣» አለ ለጓደኞቹ። ከዚያ በአንድ ጆሮዋ አጮልቆ አየ። «ታች ላይ ትንሽ ጥርጣሬ ረግቷል። በአሸዋ ታሽቶ ይታጠብ።»

«ጠዋት የት ጠፋህ?» አለችው ይርገዱ።

«እኔ የትም አልጠፋሁም። የጠፋሽው አንቺ ነሽ።»

«ማን አነሣህ?»

ጀሪካኑ መልስ ሳይሰጣት ቀይ ጨርቅ ያለበት ጀሪካን መጣና ይርገዱን በወገቧ ብድግ አድርጎ ከወረፋው አወጣት። የሚናገረው በትርንጎ ድምፅ ነው። «ላንቺ ብዬ ነው፣» አላት። ይርገዱ ላንቺ ብዬ ነው ከሚል ሰው ስትሸሽ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው፤ ከጀሪካንማ እንዴት አትሸሽ። እጁ ላይ ተፈራግጣ ወረደችና ሮጠች።

ሮጣ ጸጉር ቤቷ ገባች። በሩን ዘግታ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ተንኳኳ። ከበሩ ሥር ትንሽ ውሃ አንገቷን ደፍታ ገባች። ከሲታ ናት፣ መንገድ ያደከማት።

«ስለ ወላዲቷ፣» አለች ውሃዋ። «የተረፈ ሰው ካላችሁ።»

«መታወቂያ አለሽ?» አለች ይርገዱ።

«የለኝም። ነዋሪ አይደለሽም፣ አላፊ ነሽ ብለው ከለከሉኝ።»

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከላይ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ቁልቁለት ሲሆን ጊዜ መጣሁ።»

ይርገዱ በዚህ መልስ የባሰ ጠረጠረች። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ብቻ ቤቷ የመጣ ነገር በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም። ውሃዋ ግን ፈቃድ ሳትጠይቅ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ወደ ገንዳው ጋደም አለችና ጸጉሯን ለቀቀችው። ጸጉሯ ረጅም ነው፤ ገንዳውን ሞልቶ ጫፉ መሬት ለመሬት ሄደ።

«እጠቢኝ፣» አለች።

«በምን ልጠብሽ?»

«በሰው ነዋ። ውሃ በምን ይታጠባል?»

ይርገዱ እጅጌዋን ሰብስባ አጠበቻት። እውነቱን እንናገር፤ ገንዳዋ እስከ አፉ ሞልቶ ሲያብረቀርቅ ስታይ ዕንባዋ መጣ። ያ ገንዳ ከተገዛ ጀምሮ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ቀዝቃዛው ነገር በጣቶቿ መሀል ሲያልፍ ወገቧ ሳይቀር ተፍታታላት፣ በጣም ደስ አላት። ይርገዱ ደግሞ ደስ ካላት ወዲያው ትጠረጥራለች።

ጸጉር ቤት ነውና ወሬ ተጀመረ።

«ሊያዛውሩሽ ነው አሉ፣» አለች ውሃዋ ዓይኗን ጨፍና።

«እኔን? ቦኖዋን ነው እንጂ።»

«ቦኖዋ የት ትሄዳለች፣ ከነብረቷ የተተከለች። የምትነቀዪው አንቺ ነሽ።»

«አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?»

«ሁሉ ቤት እገባለሁ። ሁሉም ገመናውን እኔ ላይ ነው የሚያራግፈው።»

አሁን ነገሩ ተገለጠላት። ሁሉ ቤት የምትገባ ከሆነማ አቶ ገረመው ቤትም ትገባለች። ልትሰልላት ነው የመጣችው። ይርገዱ እጇን ከውሃው አወጣች፣ በፎጣ አደረቀች፣ ከዚያ የገንዳውን መድፈኛ መዘዘችው። ውሃዋ አልጮኸችም። እየተሽከረከረች ስትወርድ ቀና ብላ አየቻት።

«በኋላ ጠፋች እንዳትዪ፣» አለቻት።

ይርገዱ ቀዳዳውን አጎንብሳ አየች። ተመለሺ የሚል ቃል ደረቷ ውስጥ ነበር፤ አፏ ግን ደርቆ ነበርና አልወጣም።

ገንዳው ራሱ ጎትቶ አወጣት መሰለኝ፣ ቀና ስትል አስፋልቱ ዳር ላቫጆው ጋ ናት። መኪኖቹ በሁለት ጎማቸው ቆመው፣ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው ሰው ያጥባሉ። አንድ ሚኒባስ አቶ ገረመውን አረፋ በአረፋ አድርጎ በቡርሽ ይፈትጋቸዋል። አቶ ገረመው ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«ከሥር በደንብ ይታይልኝ፣» አሉ።

«ይህ አይለቅም፣» አለ ሚኒባሱ። «የቆየ ጭቃ ነው።»

«ጭቃ አይደለም። ኮሚቴነት ነው።»

«እንግዲያው ከላይ ከላይ ላብሰው።»

አቶ ገረመው ይርገዱን አዩዋት። በአረፋው መሀል ፈገግ አሉ። «ወይዘሮ ይርገዱ፣ እርስዎስ አይታጠቡም? ለሕዝብ ነው እኮ የተከፈተው።» ለሕዝብ የሚለውን ቃል ስትሰማ እግሯ ሳታዝዘው መሮጥ ጀመረ፣ አቀበቱ ቁልቁለት ሆኖላት፣ ቁልቁለቱ አቀበት ሆኖባት፣ የእድሩ አዳራሽ በር ላይ ደረሰች።

በሩን የሚጠብቀው አቧራ ነው። ደረቱን ነፍቶ መንገዱን ዘጋው።

«ሰው በዕቃ ካልሆነ አይገባም፣» አለ።

«በምን ዕቃ?»

«በማንኛውም። ያልተበሳ ይሁን።»

ቀይ ጨርቅ ያለበት ጀሪካን ከየት መጣ ሳይባል ከጎኗ ቆሞ ክዳኑን ከፈተ። «በእኔ ግቢ፣» አለ በትርንጎ ድምፅ። ይርገዱ ግራ ቀኝ ብታይ ሌላ ዕቃ የለም። እየጠረጠረችም ቢሆን ገባች፤ መጀመሪያ እግሯን፣ ከዚያ ያንን የታመመ ወገቧን፣ በመጨረሻ ትከሻዋን። ውስጡ ጠባብ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። በአፉ በኩል ብቻ ወደ ውጭ ይታያል።

አዳራሹን ውሃ ሞልቶታል። ዝናብ አርፍዶ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ማርፈዱን የሚጠይቀው የለም። የጣሪያ ታንከር ውሃ ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ይሸታል። የታሸገው ውሃ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ከክብር እንግዶቹ ጋር ተሰይሟል። ከሰፈሩ ግርጌ የሚያልፈው፣ የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ የሚጣልበት ወንዝ ከሁሉ ኋላ ብቻውን ነው። ፊት ለፊት «ሰው የማግኘት መብትን በተግባር እናውል» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል።

ማብራሪያ የሚሰጠው ጉም ነው። መድረኩን ሁሉ ሸፍኖታል፤ ከሚናገረው ግን እጅ ላይ የሚጨበጥ የለም።

«እያንዳንዱ ውሃ ሰው የማግኘት መብት አለው፣» አለ ጉም። «የሚያገኘውም ሰው በቂ፣ ንጹሕ፣ በቅርብ የሚገኝ፣ ዋጋውም አቅም የማይፈታተን ሊሆን ይገባል።»

ተጨበጨበ። ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው የሚመስለው።

ወንዙ ከኋላ ተነሣ። አጠገቡ ያሉት ፊታቸውን አዞሩ።

«ጥያቄ አለኝ፣» አለ። «ይህ መብት ደጄ የሚደርሰው መቼ ነው? ሰው ወደ እኔ የሚመጣው አፍንጫውን ይዞ ነው። የሚመጣውም ሊደፋብኝ ነው።»

«ጥያቄው ጥሩ ነው፣» አለ ጉም። «እንደ አስተያየት ወስደነዋል።»

ወንዙ ተቀመጠ። ይርገዱ ከጀሪካኑ ውስጥ ሆና አዘነችለት። ያንን ወንዝ ስትደፋበት እንጂ ስታዝንለት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሊቀመንበሩ የታሸገው ውሃ ነበር። ተነሥቶ ክዳኑን አስተካከለ። ይርገዱ አወቀችው፤ ጭኗ ላይ የነበረው ነው።

«ወደ ውሳኔ ሐሳቡ እንግባ፣» አለ። «የቁልቁለቱ ሰፈር ሰዎች ተነቅለው ወደ ላይ ይዛወሩ። ውሃ ሰው ከፈለገ ሽቅብ ወጥቶ ይፈልጋቸው።»

«ውሃ ሽቅብ ይወጣል እንዴ?» አለ ዝናብ ከፊት ወንበር።

«ይለምዳል፣» አለ ሊቀመንበሩ።

ይርገዱ የመጣችው ለዚህ ነው፣ ሌሊቱን ያልተኛችው ለዚህ ነው። እቃወማለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ ጉሮሮዋ የደረቀ ጣሳ ሆኖ ድምፅ አልወጣም። ያላት እጇ ብቻ ነው። እጇን በጀሪካኑ አፍ በኩል አሾልካ አወጣች።

«እጅሽን አውርጂ፣» አላት ጀሪካኑ ከሥሯ በሹክሹክታ።

አላልኩም? አለች ይርገዱ በልቧ። ከእነሱ ጋር ነው። እጇን እስከ ክንዷ አወጣችው።

«አውርጂ እያልኩሽ ነው።»

ክንዷን እስከ ትከሻዋ አወጣች። ጀሪካኑ እጅጌዋን ያዘ። በእጀታው ነው በጥርሱ እሷም አታውቅም፤ ብቻ አጥብቆ ወደ ታች ጎተታት።

«ይርገዱ፣ በናትሽ፣ አሁን አይደለም፤ አውርጂ።»

ዕድሜ ልኳን ጎረቤት ሲያባብላት ያልተሸነፈች ሴት አሁን ለጀሪካን ልትሸነፍ አይደለም። ጥርሷን ነክሳ፣ ወገቧን ረስታ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ተነሣች። ጀሪካኑ ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ይርገዱ ቀጥ ብላ ቆመች፣ እጇን ወደ ጣሪያው ዘርግታ።

አዳራሹ ውስጥ ውሃ የለም። ሰው ነው ያለው። ጠርሙሱ ከጭኗ ወድቆ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። ትርንጎ ሁለት እጇን በይርገዱ እጅጌ ላይ ጠምጥማ ተንጠልጥላለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ከመድረኩ ላይ አቶ ገረመው፣ ደረቅ፣ አረፋ የሌለባቸው፣ በእስክሪብቶ እየጠቆሙ ይቆጥራሉ።

«ወይዘሮ ይርገዱም ቆመው ደግፈዋል፣» አሉ። «ሌላ የምትደግፉ አላችሁ? የለም። ጥሩ። የምትቃወሙ?»

ይርገዱ ነገሩ እስኪገባት ጊዜ ወሰደባት። እጇን አወረደች፣ መልሳ አወጣች።

«አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እጅ አያወጣም፣» አሉ አቶ ገረመው በትሕትና።

«ተኝቼ ነበር፣» አለች ይርገዱ።

«ቆመው?»

አዳራሹ ሳቀ። የቁልቁለቱ ሰፈር ሰው ግን አልሳቀም፤ ዞሮ አያት። የእድሩ ዳኛ ጎንበስ ብለው ከአጠገባቸው ካለው ሰው ጋር ተንሾካሾኩ፤ ምን እንዳሉ ይርገዱ ለማወቅ መጠርጠር አላስፈለጋትም። ተቃዋሚዎቹ ተቆጠሩ። አቶ ገረመው ወረቀታቸውን አዩና የቦኖዋ መዛወር በአንድ ድምፅ ብልጫ መጽደቁን አበሰሩ። ባለሙያው አጨበጨበ፤ ቀጥሎም ሌሎቹ።

ይርገዱ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ወገቧ ከሥር ወጋት። ትርንጎ አሁንም እጅጌዋን አልለቀቀችም ነበር።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» አለቻት ይርገዱ ቀስ ብላ።

«ምን ሳደርግ ነበር ታዲያ?» አለች ትርንጎ። «እጅሽን አውርጂ ብዬ አንጀቴ ተበጠሰ። በጎተትኩሽ ቁጥር ወደ ላይ ነው የምትሄጂው።»

ይርገዱ በትርንጎ እጅ የተጨማደደውን እጅጌዋን አየች።

«ጠዋትም ልነግርሽ ብጠራሽ ፊትሽን አዞርሽ፣» አለች ትርንጎ። «ተራሽ ደርሶ አጣሁሽ። ሰው ሳይቀድምሽ ብዬ ጀሪካንሽን ሞልቼ፣ ወስጄ በመኖሪያ ቤትሽ በር ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ወገብሽ እንዳይነካሽ።»

 የይርገዱ ጉሮሮ በሕልሟ እንደደረቀው ደርቋል። እግሯ ሥር የወደቀውን ጠርሙስ አየችው፤ ልታነሣው ግን አልደፈረችም። አቶ ገረመው ወረቀታቸውን ሰብስበው፣ የተሰቀለውን ጨርቅ የሚያወርዱትን ሰዎች በእጃቸው እያዘዙ፣ ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ።

«ስትወጡ ውሃችሁን እንዳትረሱ፣» አሉ።